ራስን ለክቶ መምጣት ክልክል ነው

ጥቅምት 3 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ለማግኔቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ።

የጽሑፌን መንጋደድ አይተሽ አትደንግጪ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙ ጎኔን ከመታኝ ከዚያ ሕመም ወዲህ፣ ይኸው ሰባት ወር ሆነው፣ እንግዳ ሆኖብኛል። እጠራዋለሁ፣ ዘግይቶ ይመጣል፤ መጥቶም ያዝ ያልኩትን አይዝም። አርባ ዓመት አንድም ቀን ሳያስቀይመኝ ኖሮ አሁን ምን እንደነካው እንጃ።

ስልክ ለምን አታነሣም ብለሻል። ጆሮዬን ታውቂው የለም እንዴ? ስልኩ ውስጥ ያለሽው አንቺ ሁኚ ንብ መለየት አልችልም። ባለፈው ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ አንሥቶልኝ «ደህና ነው ትላለች» አለኝ፤ ምኑ ነው ደህና የሆነው ብዬ ሳስብ ዋልኩ። ደብዳቤ ይሻላል፤ ያልገባኝን እመለስበታለሁ።

ሱቁ እንዳለ ነው። በሩ ላይ «ራስን ለክቶ መምጣት ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍም ቀለሙ ቢለቅም አለ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ራሱን ለክቶ ቁጥሩን በወረቀት ይዞልኝ መጣ። ሜትሩን ሊይዝ እጁን ሲያነሣ ትከሻው አብሮ እንደሚነሣ፣ ያ ቁጥር ውሸት እንደሆነ ነግሬ መለስኩት። ድሮ ቢሆን ራሴ ለክቼው ነበር የሚሄደው። አሁን ሜትር የሚይዝ እጅ ያለኝ አንድ ብቻ ነው።

ከቻልሽ ቀዳዳቸው ሰፋ ያለ መርፌዎችና አንድ የማጉያ መነጽር ላኪልኝ። ገንዘብ አትላኪ፤ ገንዘብ ክር አያስገባልኝም። በግራ እጄ የሱሪ ጠርዝ ልሞክር አስቤአለሁ።

ሰው ስለ አንቺ ማን ናት ብሎ ሲጠይቀኝ «የአክስቴ ልጅ ልጅ» እለዋለሁ። ዝምድናውን ሲቆጥሩት ይደክማቸውና «ልጅህ ናት በቃ» ይሉኛል። ስፒል በወደቀብኝ ቁጥር በስድስት ዓመትሽ ማግኔቷን በክር አንጠልጥለሽ ወለሉን ስትዞሪ ትታይኛለሽ።

አጎትሽ ልብስ ሰፊው


ኅዳር 12 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩት፤ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ። መርፌዎቹን፣ አሥራ ሁለት ናቸው፣ ከመነጽሩ ጋር ልኬአለሁ።

ሥራዬን ከዚህ በፊት ጠይቀውኝ ነበር። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ሰው ታሞ ወይም ተጎድቶ ሲነሣ፣ መልበሱን፣ ማብሰሉን፣ ሙያውን፣ ቀኑን ቀን የሚያደርግለትን ነገር ሁሉ እንደገና እስኪይዘው አብረነው እንቀመጣለን። ዛሬ አንዲት ሴትዮ ሸሚዟን በአንድ እጇ እስክትቆልፍ አርባ ደቂቃ አጠገቧ ነበርኩ። ልቆልፍላት እጄን እየበላኝ ነው የተቀመጥኩት። አለቃዬ፣ ሽማግሌ ሴት ናቸው፣ «እጅሽ ላይ ተቀመጪበት» ይሉኛል። ሴትዮዋ የመጨረሻዋን ቁልፍ ስታስገባ የተመለከተችኝን አስተያየት ቢያዩ!

እኔ በዚህ በሰው አገር አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነኝ። ፊት ለፊቴ ያለው በር የአንዲት ሴት ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ አንገታችንን እየነቀነቅን ተላልፈናል። ከሥራ ስገባ የማወራው ከውኃ ማፍያው ጋር ነው፤ እሱም ሲፈላ ራሱን ያጠፋል፣ ወሬያችንም እዚያ ላይ ያበቃል።

ጋሼ፣ እርስዎ ግን በቃዎት። አርባ ዓመት ሠርተዋል። ምን አደከመዎት? ይረፉ። የስፌት መኪናዋንም ለሚሠራባት ሰው ይስጡና ወንበርዎን ደጅ አውጥተው ፀሐይ ይሙቁ። ይህን የምልዎት ስለምወድዎት ነው።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 28 ቀን

ይድረስ ለማግኔቴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ።

እንዳልሽው አደረግሁ። አንቺ የተማርሽበት ነገር ስለሆነ አልተከራከርኩም። የስፌት መኪናዋን የተማሪ ልብስ ለምትሰፋው ሴት ሰጠሁ። ካውያውን ለፀጉር አስተካካዩ ሰጠሁት፤ ምን እንደሚያደርግበት እሱም አያውቅም። ወንበሬንም ደጅ አወጣሁ። አሁን ፀሐይ እሞቃለሁ፤ ስትሄድ እገባለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የልክ ደብተሬን ልኬልሻለሁ። ከእኔ በኋላ ማንም አያነበውም፤ አንቺ ጋ ይቀመጥ።

መርፌዎቹ ደርሰዋል። አልከፈትኳቸውም። ከእንግዲህ ምንም አትላኪ፤ የሚያስፈልገኝ ነገር የለም። ለራስሽ ኑሪ።

አጎትሽ


ጥር 25 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ፈጣሪ ያቆይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ትኩሳት ይዞኝ ሦስት ቀን ተኝቼ ነበር፤ በሬን ያንኳኳ ስላልነበረ በደንብ አረፍኩ።

ደብተሩ ደረሰኝ! እንዲህ ያለ ስጦታ ይሰጠኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ያደግሁበት ሰፈር ሰው ሁሉ በደረትና በወገብ ተጽፎ እቤቴ ገባ። ዳር ዳር ላይ የጻፉትን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። «ሲለካ ሆዱን ይደብቃል፣ ሦስት ሴንቲ ጨምር።» «ግራ ትከሻዋ ዝቅ ይላል፣ እንዳትነግራት።» የራሴንም አገኘሁት፦ «ማግኔት፣ ስድስት ዓመት፣ ትከሻ ሃያ ስድስት፣ ደረት ሃምሳ ሰባት። አትቆምም።» መደርደሪያዬ ላይ፣ ከአልጋዬ ራስጌ አስቀመጥኩት።

ከሥራ አንድ ነገር ላጫውትዎት። አንድ አናጢ አለ፤ ጣቶቹን ማሽን ጎድቶበት እኛ ዘንድ የሚመላለስ። ሰሞኑን መሣሪያዎቹን ከቤቱ እያመጣ ለሌሎቹ ታካሚዎች ማደል ጀመረ። ለአንዱ መላጊያ፣ ለአንዱ መዶሻ። ሁላችንም ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው አልን። አለቃዬ ብቻ ወደ ጎን ጠርተው «ጠይቂው» አሉኝ። እዚህ ስንማር ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱ ይሉናል፤ መጠየቅ ያልነበረን ሐሳብ ሰው ውስጥ አይከትም። ከጎኑ ተቀመጥኩና «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው ወይ?» አልኩት። «አዎ» አለ። ከዚያ አለቀሰ። ከዚያ፣ አያምኑኝም፣ ራበኝ አለ።

ሐኪሙም መጣ፤ አብረን ተቀምጠን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍን፦ ሐሳቡ ሲመጣ ምን ምልክት እንደሚያሳየው፣ ያን ሰዓት እጁ ምን እንደሚይዝ፣ የማንን በር እንደሚያንኳኳ። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። አሁን ለአንዲት አሮጊት የእግር ማሳረፊያ እየሠራላት ነው፤ እሷም አላሳጠርክብኝም ወይ እያለች ታስቸግረዋለች።

በሥራዬ እንዲህ የኮራሁበት ቀን የለም።

ልጅዎ


የካቲት 24 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ።

የአናጢውን ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። ስትጠይቂው አልተቆጣም? «አዎ» ካለሽ በኋላ ሰዎቹ በምን ዓይን አዩት? አፍሮ አልቀረም? በማግሥቱ መጣ?

ለወሬ ያህል ነው የምጠይቅሽ።

የሱቁን ቁልፍ በመጪው ወር መጨረሻ ለአከራዩ እመልሳለሁ። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ነቅዬዋለሁ።

ልጅ ሆነሽ ያንን ሰማያዊ ቀሚስ አጥብቤብሽ ያለቀስሽውን አስታወስኩ። ይቅር ብለሽኛል አይደል? ለእኔ ብዙ ደክመሻል። ፈጣሪ በእጥፉ ይክፈልሽ።

አጎትሽ


መጋቢት 27 ቀን

ጋሼ፤

የደብዳቤ ሰላምታ ዛሬ አይጠብቁኝ።

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ፀጉር አስተካካዩ ቀድሞ መጥቶ ይሆናል፤ ደውዬለት ነው። ቁጥሩን ባላገኝ ኖሮ የሰፈሩን ስልክ ሁሉ ልደውል ነበር። «አሁኑኑ ሂድና አጠገባቸው ተቀመጥ፤ ካንተ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ብቻቸውን እንዳትተዋቸው» ብየዋለሁ። ምን ብሎ እንደሚጠይቅዎትም ነግሬዋለሁ። እኔም ራሴ በራሴ ቃል እጠይቅዎታለሁ።

ራስዎን ለማጥፋት እያሰቡ ነው?

አዎ ቢሉኝ አልቆጣም፣ አላፍርብዎትም፣ አልሸሽም። አይደለም ቢሉኝም እንደገና እጠይቃለሁ።

ያለፈውን ደብዳቤዎን ዘጠኝ ቀን በቦርሳዬ ይዤ ስዞር ነበር። ጋሼ ሆዳቸው ባባ ብዬ ነው ያለፍኩት። ዛሬ ጠዋት ስለ አንድ አዲስ ታካሚ ቅጽ ስሞላ፣ «ዕቃውን ለሰው መስጠት ጀምሯል?» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። መኪናዋ። ካውያው። ደብተሩ። ስለ አናጢው በኩራት ስጽፍልዎት ደብተሩ ራስጌዬ ነበር! የማላውቀውን ሰው መዶሻ አየሁ፤ የእርስዎን ደብተር ስጦታ ብዬ ተቀበልኩ።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። እኔ በዚህ ሥራ ስድስት ዓመት ቆይቼ ለአንድም ታካሚ «አርፈህ ተቀመጥ» ብዬ አላውቅም። የሰው እጅ ባዶ ሲሆን ቀኑ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። እርስዎ መርፌ ላኪልኝ አሉኝ፤ በግራ እጄ ልሞክር አሉኝ፤ እኔ ይረፉ አልኩ። ለባዕድ እጄ ላይ የምቀመጥ ሴት፣ ለእርስዎ ሲሆን ሥራዎን ከእጅዎ ነጠቅሁ። ስለሳሳሁልዎት ነው፤ ግን ስሕተት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደብተሩን መልሼ ልኬዋለሁ። የእኔ አይደለም። ባዶ ገጾች አሉት።

ይጻፉልኝ። አንድ ቃልም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ማግኔትዎ


ሚያዝያ 30 ቀን

ይድረስ ለማግኔቴ፤

ደህና ነኝ አልልሽም። ከእንግዲህ ያንን ቃል እውነት ሲሆን ብቻ ነው የምጽፍልሽ። ግን አለሁ።

አዎ፣ አስቤ ነበር። ቀኑንም ወስኜ ነበር። ይህን መስመር ሁለት ጊዜ ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት።

ፀጉር አስተካካዩ የመጣው የአንድ ሰውዬ ጢም ግማሹን ላጭቶ ትቶት ነው። ነጭ ጋዋኑን እንደ ለበሰ፣ ምላጩን እዚያው ወርውሮ። ሰውዬውም ግማሽ ጢሙን በአረፋ ተሸፍኖ ከኋላው ተከትሎት ገባ። ያ ጓደኛዬ እንዳስተማርሽው ከጎኔ ተቀመጠና ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። ምን አልክ? አልኩት። ደገመልኝ። አሁንም አልሰማሁም። ሦስተኛውን ጮኸና «ራስህን ልታጠፋ ነው ወይ?!» ሲል መንገዱ ሁሉ ሰማ። ወጪ ወራጁ ቆመ።

እኔም «አዎ» አልኩ።

ሰማይ የሚደፋብኝ መስሎኝ ነበር። አልተደፋም። ባለ ግማሽ ጢሙ ሰውዬ አረፋውን በእጅጌው ጠረገና «ተነሡ እንሂድ፣ እኔም ወንድሜን ይዤ ሄጄ ነበር» አለ። ሦስት ሆነን ጤና ጣቢያ ሄድን። ፀጉር አስተካካዩ እስኪመሽ ሱቁን እንደ ከፈተው ረሳው።

በቤቴ መኖር የሌለበትን ነገር እሱ ይዞት ሄዷል። ጤና ጣቢያ ያለችው ሐኪም በየሳምንቱ ማክሰኞ ታየኛለች፤ መድኃኒትም ጀምሬአለሁ። ጠዋት ጠዋት አሁንም ይከብደኛል፤ አልዋሽሽም። ከአልጋ ስነሣ ቀኑ ማለቂያ የሌለው ጣቃ ጨርቅ ይሆንብኛል፤ ከየት ጀምሬ እንደምቆርጠው ይጠፋኛል። እንዲህ ሲሆን የት እንደምሄድ ግን አሁን ተጽፎ አለ። ደብተሩ በደረሰ ቀን ባዶ ገጽ አውጥተን ከሐኪሟ ጋር ጻፍነው። አንደኛ፣ ተነሥቶ ፊት መታጠብ። ሁለተኛ፣ የፀጉር አስተካካዩን በር ማንኳኳት፤ ተኝቶም ቢሆን። ሦስተኛ፣ የተማሪ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ መሄድ። መኪናዋን መልሼ ልስጥዎት አለችኝ፤ እምቢ አልኳት። እዚያው ሄጄ በግራ እጄ በጠመኔ አሰምርላታለሁ፣ እሷ ትቆርጣለች። መጀመሪያ መስመሬ እንደ ሰካራም መንገድ ነበር። አሁን «ደህና ይሄዳል» ትለኛለች፤ ምላሷ ስለታም ስለሆነ እሷ ደህና ካለች ደህና ነው። መርፌዎቹንም ከፍቻቸዋለሁ።

እዚያው ገጽ ላይ ሌላም ነገር አለ። አርባ ዓመት ሰው ስለካ እኔን የለካኝ አንድም ሰው አልነበረም። ለራሴ በግምት ነበር የምሰፋው። ፀጉር አስተካካዩ ሜትሩን ይዞ ለካኝ፤ እንደ በሬ እያዟዟረ። ትከሻ አርባ ሦስት፣ ደረት ዘጠና አራት። ዳር ላይ እኔ እንደማደርገው ጻፈ፦ «ከስቷል። ሰፋ አድርገህ ስፋ፣ ይወፍራል።»

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። «ሦስት ቀን ተኝቼ ነበር፤ በሬን ያንኳኳ ስላልነበረ በደንብ አረፍኩ» ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሻል። ያን ጊዜ በራሴ ጉድ ተይዤ አልታየኝም። አሁን አምስት ጊዜ አነበብኩት። እንደ ጠየቅሽኝ እጠይቅሻለሁ፤ አንቺስ? እንደዚያ አስበሽ ታውቂያለሽ? ጆሮዬ ባይሰማም ዓይኔ ያነባልና እውነቱን ጻፊልኝ።

አንድ ነገርም ላኪልኝ፣ ልክሽን። ካፖርት ልሰፋልሽ ነው። ከሱሪ ጠርዝ አልፎ ካፖርት ስል አትሳቂ፤ ዓመት ይፍጅ። እኔ ያለኝ ልክሽ የስድስት ዓመትሽ ነው። የሱቁን ቁልፍ አልመለስኩም፤ ጽሑፉንም መልሼ ሰቅዬዋለሁ፤ ለአንቺም ይሠራል። ራስሽን ለክተሽ ከላክሽልኝ አልቀበልም።

አጎትሽ ልብስ ሰፊው


ሰኔ 12 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፤

«አለሁ» የምትለውን ቃል በጣቴ ዳሰስኳት። ከዚያ ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አለቃዬ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ነገሩን አስቀድሜ ነግሬአቸው ነበር፤ ስወጣ ፊቴን አይተው «እሰይ» አሉ።

ለጠየቁኝ መልሴ እውነት ነው፤ አይ፣ እንደዚያ አስቤ አላውቅም። ግን ደህና ነኝ እያልኩ የጻፍኩልዎት ሁሉ ውሸት ነበር። ብቸኝነቱ ያመኛል ጋሼ። ሰው ሁሉ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ወረቀት ላይ አስጽፋለሁ፤ የራሴን ልጻፍ ብዬ ብቀመጥ የምሞላው ስም አልነበረኝም። አሁን እርስዎን ጽፌአለሁ፤ ግን የእርስዎ በር ከዚህ የአንድ ወር መንገድ ይርቃል።

ሜትር ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። አንድ ቀን እውነቱን ልንገርዎት፣ መስተዋት ፊት ቆሜ ራሴን ለክቼ ጽፌ ነበር። ጽሑፍዎ ትዝ አለኝና ቀደድኩት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሜትሩን ይዤ ወጣሁና ፊት ለፊቴ ያለውን በር አንኳኳሁ። ሴትዮዋ ስትከፍት ሜትሩን ዘረጋሁላት። አየችኝ፤ አየችው። «ቀጥ ብለሽ ቁሚ» አለችኝ።

ትከሻ ሠላሳ ዘጠኝ። ደረት ሰማንያ ስምንት። ወገብ ሰባ አራት። የእጅጌ ርዝመት ሃምሳ ስምንት። ዳር ላይ አንድ ነገር ጻፊ ስላት ምን ብዬ አለች፤ ያየሽውን አልኳት። «ሜትሩ ሲነካት ትደነግጣለች» ብላ ጻፈች። ሰው ከነካኝ ቆይቷል ጋሼ፤ ለዚህ ነው።

ከመውጣቴ በፊት የእጅጌው የተሳሳተ መሰለኝ፣ ሰኞ እንደገና ብትለኪኝ አልኳት። እሺ፣ ከሥራ ስመጣ አንኳኳለሁ አለችኝ።

አልተሳሳተም። ሃምሳ ስምንት ብለው ይቁረጡ።

ማግኔትዎ